ውሉ የተሰረዘው መቼ ነው?

ከዚራ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የሸመንደፈር ጡረተኛ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ ልበላቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይሠራ ታውቃላችሁ፤ ሕፃኑ ሽማግሌውን «አንተ» ይለዋል፣ ማንም አይቀየምም። እኔም በአፍ «አንተ» ነው የምላቸው። ይህን ጽሑፍ ግን መምህራኖቻችንም ስለሚያነቡት እሳቸው እያልኩ እቀጥላለሁ። ነገሩን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ጋሼ ባለፈው ክረምት ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይላቸዋል። «በዚህ ሰፈር አርባ ዓመት ስኖር እርስዎ ያለኝ ሰው የለም። ያሉኝ ቀን ገንዘቤን ከለከሉኝ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ ለውሉ አስፈላጊ የሆኑ ሰነዶች ተሟልተው ባለመቅረባቸው፣ ውሉም በዚሁ ምክንያት ቀደም ሲል የተሰረዘ በመሆኑ ሊስተናገድ አልቻለም ይላል። የተጻፈው አደጋው በደረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ጽሑፌ በሙሉ የሚሽከረከረው በእሷ ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ያጠራቀሙትን ይዘው፣ ልጆቻቸውም ጨምረውላቸው አንድ ሚኒባስ ገዙ። መኪናዋ ድሬ ሐረር ትሠራለች፤ የሚነዳት የወንድማቸው ልጅ ነው። የገዟት ከአንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሲሆን አገዛዙም በአገራችን እንደተለመደው በውክልና ነው። ስም ማዞሩ ወጪ አለው፣ ምልልስ አለው፤ «በኋላ ይደርሳል» ተባለና ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ ቀረ። ኢንሹራንስ የገቡት በሽያጭ ወኪል በኩል ነው። ወኪሉ ቤት ድረስ መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ የሊብሬውን ፎቶ ኮፒ ወሰደ፣ የውክልናውን ኮፒ ወሰደ፣ የዓመቱን አረቦን ሙሉውን ተቀበለ። የጎደሉት ሁለት ወረቀቶች ነበሩ፤ የታደሰው ቦሎ ኮፒና የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ኮፒ። «ችግር የለውም፣ ሲመቻችሁ ታመጡታላችሁ» አለ። ደረሰኝ ተቆረጠ። ከሳምንት በኋላ ፖሊሲው ማኅተም ተመትቶበት መጣ። ሙሉ ኢንሹራንስ መሆኑ ነው፤ የራስን መኪና ጉዳትም ሦስተኛ ወገንንም ይሸፍናል ማለት ነው።

ከዚያ ሰባት ወር ዝም። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልደወለም። ጋሼም ረሱት። (እኔ ብሆን አልረሳም ነበር የሚል ተማሪ ካለ የመታወቂያው የማደሻ ቀን መቼ እንደሆነ አሁኑኑ ይንገረኝ።) በሰባተኛው ወር ሚኒባሷ ደንገጎን ወርዳ ከተማ ልትገባ ስትል፣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ተንሸራታ ከመንገድ ወጣች። ስትወጣም አንድ ባጃጅ ገጨች። የባጃጁ ልጅ እግሩ ተሰበረ፤ የሚኒባሷ ፊት ተጨራመተ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን አነሳ፣ ሪፖርት ጻፈ። ጋሼ በማግስቱ ለኩባንያው አስታወቁ። የንግድ ሕጋችን አደጋን ለማስታወቅ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ነውና ከዚህ በኩል የሚያስወቅሳቸው ነገር የለም።

የፖሊሱ ሪፖርት ላይ ምን አለ? የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ የጸና ነው፣ ደረጃውም ለሚኒባስ የሚበቃ ነው። ቦሎው አደጋው ከመድረሱ ከሦስት ወር በፊት ታድሷል፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። እንግዲህ «ያልተሟሉ ሰነዶች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። የጠፉት ከኩባንያው ፋይል ነው እንጂ አንዱ በልጁ ኪስ፣ ሌላው በመኪናዋ መስታወት ላይ ነበር።

ኩባንያው ታዲያ «ማስጠንቀቂያ ልከናል» ይላል። ወዴት? ሊብሬው ላይ ባለው አድራሻ። የማን አድራሻ ነው? የሻጩ። አዲስ አበባ ያለ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ከዚራ ያለውን ቤት ወኪሉ ያውቀዋል፣ ቡናውንም ያውቀዋል፤ ደብዳቤው ግን አዲስ አበባ ሄደ።

እኔ የሕግ ተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ሆኖም የመድን ሕግ ኮርስ ላይ የተማርነውንና ይህ ደብዳቤ የሚለውን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው አልገጥም አሉኝ። ሐሳቤ አንድ ነው። የሰነድ መጉደል ውልን የሚያሰርዝ ከሆነ ስረዛው ወደ ፊት ይሠራል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ የደረሰ አደጋን ሊበላ አይገባም፤ አረቦኑን ተቀብሎ ዝም ያለ ኩባንያም ዝምታው ሊቆጠርበት ይገባል።

ሕጉን እንየው። በአገራችን የመድን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲወጣ የነጋዴዎችን፣ የማኅበራትንና የኪሳራን ክፍል ተካ እንጂ የመድኑን ክፍል አልነካውም፤ ስለዚህ ድሮ አያቶቻችን የተከራከሩበት ቁጥር ዛሬም እኛ የምንከራከርበት ነው። (ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳውያኑ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። ከዚራንም ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶቿ የነደፈው የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ነው። የጋሼ ክርክር በሁለት በኩል የፈረንሳይ እጅ አለበት ማለት ነው።)

ቁጥር 667 መድን ገቢው ውሉ ሲደረግ የሚያውቀውንና ኩባንያው ሥጋቱን ለመመዘን የሚረዳውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ ይህ ካልሆነ ምን እንደሚከተል ይናገራል፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሆን ብሎ ደብቆ ወይም ዋሽቶ ከሆነ ውሉ ፈራሽ ነው፤ የከፈለው አረቦንም ለኩባንያው ይቀራል። ሆን ብሎ ካልሆነ ግን ውሉ አይፈርስም። ጉድለቱ የታወቀው አደጋ ከመድረሱ በፊት ከሆነ ኩባንያው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ወይም አረቦኑን ጨምሮ መቀጠል ይችላል። የታወቀው ከአደጋው በኋላ ከሆነ ደግሞ የተከፈለው አረቦንና መከፈል የነበረበት አረቦን ተመዛዝኖ ካሳው ይቀነሳል። ይቀነሳል አልኩ፤ ይከለከላል አላልኩም።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ መደበቅና ስለ መዋሸት ነው። ጋሼ የዋሹት ነገር የለም። ሊብሬው በሻጭ ስም መሆኑን ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል፤ ኮፒው ፋይሉ ውስጥ ነው። ቦሎና መንጃ ፈቃድ አለማያያዛቸውንም ያውቃል፤ ምክንያቱም የሌለው በራሱ ፋይል ውስጥ ነው። የምታውቀውን ነገር ተደብቆብኛል ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1766 ለንደን ላይ ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት ዳኛ ፊት አንድ ክርክር ቀርቦ ነበር። በሱማትራ ደሴት የነበረ የእንግሊዞች ምሽግ አስተዳዳሪ፣ ካርተር የሚባል፣ ምሽጉ በጠላት እጅ ቢወድቅ ካሳ እንዲከፈለው መድን ገባ። ፈረንሳዮች መጡና ምሽጉን ያዙት። መድን ሰጪው ቦም «ምሽጉ ደካማ መሆኑን አልነገረኝም» ብሎ አልከፍልም አለ። ማንስፊልድ የመድን ውል የፍጹም ቅን ልቦና ውል ነው የሚለውን መርሕ ያስቀመጡት በዚህ ፍርድ ነው፤ ኮርሳችን ላይ በቃላችን የያዝነው ይኸው ነው። ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን በዚያ ክርክር የረታው መድን ገቢው መሆኑን ነው። መድን ሰጪው የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር መድን ገቢው ባይነግረው መደበቅ አይባልም አሉ ዳኛው። ቅን ልቦናው ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ አረቦን ተቀብሎ አድፍጦ መቀመጥን አይጨምርም። እንግሊዞቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሕግ ተራው ሸማች የተጠየቀውን በጥንቃቄና በእውነት ይመልስ እንጂ ያልተጠየቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም ብለዋል።

ሌላም አለ። አረቦን ያልከፈለን ሰው አስቡ፤ ከዚህ የባሰ ጥፋት በመድን ውል ውስጥ የለም። የእሱን ሽፋን ለማቆም እንኳ የንግድ ሕጉ ቁጥር 666 ኩባንያው ክፈል ብሎ እንዲጠይቀው፣ አንድ ወርም እንዲጠብቀው ያዛል። ገንዘብ ያልከፈለ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ገንዘቡን ሙሉ ከፍሎ ፎቶ ኮፒ የረሳ ሰው በምን ዕዳው ነው ሳይነገረው የሚሰረዘው?

ገንዘቡ ራሱስ የት አለ? ይህን ጋሼ ናቸው ያነሱት፤ እኔ ሕግ ስገለብጥ እሳቸው በቀጥታ ገቡበት። «ሰርዘነዋል ካሉ ብሬን ለምን አልመለሱም?» አሉኝ። እውነት ነው። ውሉ ከአደጋው በፊት ተሰርዞ ከነበረ የቀሪዎቹ ወራት አረቦን ተሰልቶ በወቅቱ መመለስ ነበረበት። ደረሰኝ የለ፣ ቼክ የለ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር የለ። እኔ እንደሚመስለኝ ውሉ በእርግጥ ተሰርዞ እንደሆነ ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ገንዘቡ ነው። አረቦኑ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ውሉ የለም ማለት፣ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ይፍረዱኝ፣ የትኛውም መዝገብ ላይ አይዘጋም።

አሁን ደግሞ የኩባንያዎቹን ወገን ካልተናገርኩ አድልኦ ይሆንብኛል። ሰነድ የሚጠይቁት ለክፋት አይደለም። ከተጋጨ በኋላ ሮጦ ኢንሹራንስ የሚገባ አለ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ገጭቶ ሲሸሽ ፈቃድ ያለው ወንድሙ መሪው ላይ ተቀምጦ ፖሊስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። አንዱን መኪና ሁለት ቦታ አስገብቶ ከሁለቱም ሊበላ የሚሞክርም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰርቀው ከኩባንያው ብቻ ሳይሆን በሐቅ አረቦን ከሚከፍለው ከእኛው ነው፤ ነገ አረቦኑ ሲጨመር የምንከፍለው እኛ ነን። ስለዚህ ሰነድ ይጠየቅ። ክርክሬ የሚጠየቅበት ጊዜ ላይ ነው።

ሰነድ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። መንጃ ፈቃድ ከሥጋቱ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ነድቶ ከሆነ ኩባንያው ቢከራከር አልፈርድበትም። ቦሎ መኪናው ተመርምሮ ማለፉን ያሳያል፤ ፍሬን ተበጥሶ ለደረሰ አደጋ የቦሎ መኖር አለመኖር ትልቅ ነገር ነው። ቆሞ ሳለ ከኋላ ለተገጨ መኪና ግን ቦሎው ምን አደረገ? የፎቶ ኮፒ ፋይል ውስጥ አለመኖር ደግሞ ከሥጋቱ ጋር ጭራሽ አይገናኝም፤ መኪናን ገደል የሚከት የኮፒ እጥረት አላየሁም። ሁሉንም «ያልተሟላ ሰነድ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለሉ ነው ክርክሩን የሚያጨልመው።

የእኛም ጥፋት አለ፤ ትልቁም ውክልና ነው። በውክልና መኪና መግዛት ርካሽ ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። መኪናውን ሸጦ ሊብሬው በስሙ የቀረ ሰው፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ደንገጎ ግርጌ ለተሰበረ እግር መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ገዢውም አያርፍም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል፤ ያን ጊዜ መኪናው በእጅህ ነው፣ ወረቀቱ ግን ከወራሾች ጋር ነው። ተሽከርካሪ መመዝገብን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው እንዲህ ያለ ዝርክርክ እንዳይኖር ነበር። ኢንሹራንሱ ዘንድ ስትመጣ ደግሞ «ጥቅምህ የታለ?» ትባላለህ። እርግጥ ነው፣ በንግድ ሕጉ ንብረቱ እንዳይጎዳ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ መድን ሊገባለት ይችላል፤ የግድ ሊብሬ ላይ ስሙ መኖር የለበትም። ጋሼ ሙሉ ዋጋ ከፍለዋል፣ መኪናዋ ብትጠፋ የሚከስሩት እሳቸው ናቸው። ግን ይህን ለማስረዳት ችሎት መቆም ነው። ስም ማዞሪያው የሚጠይቀውን ወጪ ለመሸሽ ስንት ቀን ችሎት እንደምንቆም አስሉት።

ስለ ባጃጁ ልጅ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ሁሉም ስለ መኪናው ያወራል፤ እግሩ የተሰበረው ሰው ግን ውሉ ላይ አልፈረመም፣ ፎቶ ኮፒ አምጣ ያለውም የለም። ደግነቱ የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ ሆኗል፤ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ተጀምሮ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ሁለተኛው አዋጅ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2 ሺህ ብር ወስኖ ነበር። መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰውም የሚደርስ የመድን ፈንድ አለ። የአዋጁ መንፈስ ግልጽ ነው፤ የመኪና ባለቤትና የኩባንያ ጠብ የተጎጂውን ሕክምና ማዘግየት የለበትም። ልጁ ታከመ፣ ዛሬ ያነክሳል ግን ይሠራል። የጋሼ ሚኒባስ ግን በዚህ አዋጅ አትጠገንም፤ እሷ ያለችው በሙሉ ኢንሹራንሱ፣ ማለትም በተሰረዘ በተባለው ውል ውስጥ ነው።

ፖሊሲውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ነው። ጋሼ በሸመንደፈር ዘመናቸው ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ «ፈረንሳይኛ ቢሆን መች አስቸግርህ ነበር» አሉኝ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይችላሉ። በዚህች ከተማ ከሚነገሩት ውስጥ የማይችሉት ቋንቋ ቢኖር ውሉ የተጻፈበት ብቻ ነው። እኔም በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ ያውም አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሆኜ። በጥቃቅን ፊደል አንድ አንቀጽ አገኘሁ፤ ኩባንያው በመጨረሻ ለሚታወቀው የመድን ገቢው አድራሻ ማስታወቂያ በመላክ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል ይላል። «የመድን ገቢው አድራሻ» ነው የሚለው። መድን ገቢው ማን ነው? በፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው የጋሼ ስም ነው፤ አድራሻው ላይም ከዚራ፣ ድሬዳዋ ይላል። ኩባንያው በራሱ ውል እንኳ ደብዳቤውን የላከው ለተሳሳተ ሰው ነው።

አንቀጹ አሻሚ ነው ቢባል ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 አለ። አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቅጽ አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። ቁጥር 1686ም አንዱ ወገን ያወጣው ጠቅላላ የውል ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ይህ ሰው አውቆ ሲቀበለው ነው ይላል። ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈን ነገር አውቆ ተቀበለ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ፈርሟል ትሉኝ ይሆናል። ፈርመዋል፤ ወኪሉ «እዚህ ጋ» ባላቸው ቦታ ላይ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከባድ ነገር አይመስለኝም። ፋይሉ ካልሞላ የዓመቱን አረቦን አትቀበል። መቀበል ካለብህም ለአሥራ አምስት ወይም ለሠላሳ ቀን ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ሽፋን ስጥና የሚያበቃበትን ቀን በትልቁ ጻፍ፤ ሰውየው ሰነዱን ካላመጣ ሽፋኑ በግልጽ ያልቃል፣ ቀሪ ገንዘቡም ይመለሳል። የጎደለውን ሰነድ ዝርዝር ሰውየው በሚያነበው ቋንቋ ጽፈህ አስፈርመው። ኪሱ ውስጥ ስልክ ላለው ሰው ደግሞ ከፖስታ ሳጥን ይልቅ መደወል ይቀላል። የአረቦን ማደሻ ቀን ሲደርስ እኮ ሦስት ጊዜ ይደውላሉ! የቁጥጥሩ ሥልጣን ያለው ብሔራዊ ባንክም በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠር እንደመሆኑ፣ ከአደጋ በኋላ የሚጻፍ የስረዛ ደብዳቤን በመመሪያ ቢያስቆም ብዙ መዝገብ ከፍርድ ቤት ይቀንሳል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ «እንዲህ ከሆነ ሰው ሰነድ ማምጣት ይተዋል» አለኝ። አልመሰለኝም። ሽፋኑ በሠላሳኛው ቀን እንደሚያበቃ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ይመጣል። ሰነድ ማምጣትን ያስቆመው «ሲመቻችሁ ታመጡታላችሁ» የሚለው ቃል ነው፤ ያንን ያለው ደግሞ ኩባንያው በላከው ሰው አፍ ነው። ወኪሉ ለኮሚሽን ይቸኩላል፣ ቅርንጫፉ ለዕቅዱ ይቸኩላል፤ ፋይል የሚከፈተውና ገጽ በገጽ የሚቆጠረው ሰው ካሳ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ጋሼ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤት ብለዋል። ማመልከቻውን አብረን ነው የጻፍነው፤ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ደርድረን፣ የደረሰኙን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የቦሎውንና የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ አያይዘን (በዚህ ጊዜ ኮፒ አልረሳንም)። ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ። አሁንም «እርስዎ» ይላል። ጉዳዩን እንደገና ለማየት ይቻል ዘንድ ቀደም ሲል የተላከልዎትን የስረዛ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዋናውን ይዘው እንዲቀርቡ ይላል።

ጋሼ አዲስ አበባ ላለው ሻጭ ደውለው ፖስታ ሳጥኑን እንዲያይላቸው ጠይቀውታል። ሳጥኑን ከተወው ሦስት ዓመት እንደሆነው ነግሯቸዋል። ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳልና አደጋው የደረሰበትን ቀን በቀይ ስክሪፕቶ ቀን መቁጠሪያቸው ላይ ከብቤላቸዋለሁ። ሚኒባሷ እስካሁን ጋራዥ ናት።